የአስካል ጣውንት

አስካል ላንቸስተሯን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። በቀልድ ነው የጀመረችው፤ እያደር ግን ቀልዱና ቁም ነገሩ ተደባለቀባት። ባሏ ዓምደሚካኤል ከሥራ አምሽቶ ሲገባ ከሶፋው ሳትነሳ «ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች። እሱም የእጁን ግሪስ በሳሙና እየፈተገ «ደኅና ናት፤ ሰላም ብላሻለች» ይላል።

ላንቸስተር መኪና ናት፤ ያውም ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ የተሠራች። ዓምደሚካኤል በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገባ፤ ላስ ቬጋስ ላይ ብዙ ዘመን ታክሲ ነዳ፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ ወጣትነት ሙያው ተመለሰ። ካርቱም ሳለ የእርዳታ እህል የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎችን ይጠግን ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ፣ ሲልቬራዶ ራንች ሳይደረስ፣ ሚስተር ግሬሰን የሚባሉ አዛውንት የእንግሊዝ ጥንታዊ መኪናዎችን የሚሰበስቡበት ትልቅ ጋራዥ አላቸው። አንድ ቀን ታክሲው ውስጥ ገብተው በጨዋታ በጨዋታ ተግባቡና ቀጠሩት።

ላንቸስተሯ ወደ ጋራዡ የመጣችው ተበታትና፣ በሣጥን ታሽጋ ነው። እንጨቷ በስብሷል፣ ነሐሷ ጠቁሯል፣ ግማሽ አካሏ የት እንደገባ አይታወቅም። ሌሎቹ ሠራተኞች ሣጥኖቹን ከፍተው አዩና መልሰው ከደኑ። ዓምደሚካኤልን ግን ፍቅር ያዘው። ሚስተር ግሬሰን መጻሕፍት ሰጡት፤ እንግሊዝ አገር ላሉ የላንቸስተር ወዳጆች እየደወለ ይጠይቅ ጀመር፤ የጠፋውን ዕቃ አንዳንዱን እየለመነ፣ አንዳንዱን እያስቀረጸ ዓመታት አለፉ።

ራት ላይ የሚያወራው ስለ እሷ ነው።

«ያኔ ሌላው ሁሉ የፈረስ ጋሪ ላይ ሞተር እየለጠፈ መኪና ሠራሁ ይል ነበር» ይላታል። «እነዚህ የላንቸስተር ወንድማማቾች ግን ቁጭ ብለው ከሥር ከመሠረቱ አሰቡበት። ጋሪ የሚባል ነገር እንዳላዩ ሆነው ጀመሩ።»

«እና ምን አመጡ?» ትላለች አስካል፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

«መሪዋ ክብ አይደለም፣ ዘንግ ነው። እንደ ጀልባ በእጅሽ ይዘሽ ነው የምትመሪያት። ከፊት ኮፈን የላትም፤ ሞተሯ መሃል ላይ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ነው የተቀመጠው። ቤንዚኗን ደግሞ እንደ ኩራዝ በክር ነው የምትጠጣው። ክሩ ይርሳል፣ አየሩ በክሩ መሃል ያልፋል፣ አለቀ። ሞተሯ ውስጥ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ወደዚህ ሲዞር ሌላው ወደዚያ ይዞራል። አንዱ የሌላውን ንዝረት ያጠፋዋል። ስለዚህ አትንቀጠቀጥም። በዚያ ዘመን እኮ ነው የምልሽ፤ ሌላው መኪና የተሳፋሪውን ጥርስ በሚያራግፍበት ዘመን።»

«እኛም እንዲሁ ነን በላ። እኔ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ።»

«ለዚያ አይደል ሳንነቃነቅ የኖርነው?»

አስካል ሳትፈልግ ትስቃለች። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከሥር የመንገዱን ጉብታ የሚያለዝበው ባሌስትራዋ ነበር። ወንድማማቾቹ ሰው ሲራመድ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ልክ ተከትለው ነው አሉ የሠሩት፤ የተሳፈረው ሰው በገዛ እግሩ የሚሄድ እንዲመስለው። ይህን ሲያወራ ከወንበሩ ይነሳና ሳሎኑ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተራመደ ያሳያታል።

ሁልጊዜ ግን ሳቅ አልነበረም። ልጃቸው አርያም ነርስ ሆና የተመረቀች ቀን፣ እንግዳው ተሰብስቦ፣ ኬኩ ተቆርጦ፣ አባትየው የመጣው ሰው መበተን ሲጀምር ነው። ከእንግሊዝ አንድ የማርሽ ጥርስ ደርሶት ሲሞክረው ሰዓቱን ረስቶት ኖሯል። አስካል እንግዳ እስኪወጣ ታገሰች። ከዚያ ብረት ድስቱን እየፈተገች ተናገረችው።

«እኔ ከሰው ጣውንት ቢመጣብኝ እሟገት ነበር። ከብረት ጋር በምን ልሟገት? ሂድ፣ እሷን አግባትና እኔ ልረፍ።»

ዓምደሚካኤል ፎጣ አንስቶ ያጠበችውን ማድረቅ ጀመረ። ሦስት አራት ሳህን ካደረቀ በኋላ ነው የተናገረው።

«ሞተሯ ተነስቶ ከጋራዡ የምትወጣ ዕለት፣ ከጎኔ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ግሬሰን ራሳቸው ቢሆኑ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ካንቺ በፊት ማንም እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም።»

«ጣውንቴ ላይ አልቀመጥም።»

«ትቀመጫለሽ» አለ።

የሕመሙን ነገር አፍ አውጥቶ የተናገረው በሽር ነው። በሽር የወሎ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ተወልዶ አዲስ አበባ መካኒክነት ተምሮ፣ ቬጋስ መጥቶ የሆቴል ሻትል ሲነዳ ዓምደሚካኤል ነው ጋራዡ ያስገባው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰንራይዝ ማነር ቤታቸው ድረስ መጣ። ዓምደሚካኤል ጓሮ ሮማኗን ውሃ ያጠጣል። በሽር ኩሽናው በር ላይ ቆሞ የቆቡን ጫፍ ያሻል።

«እትዬ አስካል፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም። ጋሼ ደኅና አይደሉም።»

«ወገቡን ነው?»

«አይደለም። ጠዋት የገጠሙትን ከሰዓት ይፈቱታል። ከዚያ ማነው የፈታው ብለው ይቆጣሉ። እኔ ነኝ እያልኩ ቆየሁ። እሳቸው ሲወጡ መልሼ እገጥመዋለሁ። አሁን ግን ሚስተር ግሬሰንም እያዩ ነው።»

አስካል ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደረቷ ላይ የነበረ ነገር የወረደላት መሰላት። እሷም እኮ የራሷን ስትሸፍን ነበር። የዚህችን ከተማ ጎዳና እንደ መዳፉ የሚያውቀው ባለታክሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባቡር ሐዲዱ ጋ ፍሬን ይዞ «ከዚህ ወዴት ነው?» ብሏታል። እያሾፈ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። የሸጡት አሮጌ ቤት ሄዶ በር ሲያንኳኳ ባለቤቶቹ መልሰውላታል። ለአርያም አልነገረቻትም። እሷ እዚህ፣ በሽር እዚያ፣ ሁለቱ በየፊናቸው አንድ ሰው ሲደብቁ ኖረዋል።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲናገር አርያም ከጎናቸው ነበረች። ሐኪሙ ሳይጨርስ እሷ ገብቷት አባቷን እጁን ያዘችው። እሱ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአንጎል ሥዕል አተኩሮ ሲያይ ቆየና «መክፈት የሚቻል ቢሆን ኖሮ አየው ነበር» አለ። ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀ። ማንም አልተረጎመለትም።

ሥራውን ተወ። ጠዋት ጠዋት ግን የሥራ ቱታውን ለብሶ በር ላይ ይቆማል። አስካል ካዚኖ ውስጥ የሠራተኞች የደንብ ልብስ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ የተተረተረ ትሰፋለች። ሺፍቷን ወደ ከሰዓት አስቀየረች፤ ከሰዓት አርያም ከሎን ማውንቴን ሰፈር እየነዳች መጥታ ትተካታለች። ኦቨርታይም ቀረ። ቱታውን በር ላይ ስታወልቅለት «ዛሬ እረፍት ነው» ትለዋለች፤ እሱም «ጥሩ፣ ጥሩ» ብሎ እጁን ይዘረጋላታል። እንደዚያ መሆኑን ለመደችው። ሰው የማይለምደው የለም ብላ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን የማትለምደው መጣ። ሻይ አቅርባለት ስትዞር ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ፤ ስኳር ካለዎት ትንሽ ቢጨምሩልኝ።»

አስካል ያልሰማች መሰለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችው። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ጨዋ ሰው ተቀምጧል። ካርቱም ከተዋወቁ ጀምሮ «አንቺ» ብቻ ናት፤ ሲያቆላምጣት «አስኩ»፣ ሲናደድባት «አንቺ ሴት»። በሕይወቱ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። ስኳሩን ጨመረችለት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ደግ ሰው ነዎት።»

መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፈተች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስድብ ቢያንስ ከሚያውቁት ሰው ነው የሚመጣው። አክብሮት ግን በመካከላቸው እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ቀን በቀን ደግሞ ከፍ አለ። አንዳንድ ጠዋት ግድግዳው ይወርድና «አስኩ፣ ካልሲዬ የት ነው?» ይላታል። በዚያ ቀን ፀሐይ እንደወጣላት ሆና ትውላለች። እነዚያ ጠዋቶች ግን እየሳሱ ሄዱ።

በመስከረም በሽር ደወለ።

«እትዬ፣ ተነሳች።»

«ማን?»

«ጣውንትዎ። ትላንት ሞተሯ ተነሳ። ክሮቿን ጋሼ እንዳስተማሩኝ ነው የቀየርኩት። ሚስተር ግሬሰን ወደ እንግሊዝ ሊልኳት ነው፤ በኅዳር የጥንት መኪናዎች ከለንደን እስከ ብራይተን የሚሄዱበት ቀን አለ። ከመታሸጓ በፊት ጋሼ ይንዷት ብለዋል። ጓሮው ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም። እኔ ከኋላ ሆኜ ሞተሩን የሚያጠፋው ነገር እጄ ላይ ይሆናል። ከእርምጃ አትፈጥንም።»

አርያም ይህን ስትሰማ አልወደደችውም።

«ማሚ፣ ሴፍ አይደለም። ዳዲ ኮንፊውዝድ ቢሆንስ?»

«ከእርምጃ አትፈጥንም ብሏል።»

«እሱ አይደለም እኔ የምልሽ።» አርያም ቃሉን በአማርኛ ፈለገችው። «አንቺ ነሽ። አንቺ አንድ ነገር ኤክስፔክት አድርገሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ ያ ነገር አይመጣም።»

ልጅቷ ልክ ነበረች። አስካል ተስፋ አድርጋ ነበር። እጁ የሚያውቀውን ነገር ሲይዝ ሌላውም ተከትሎ ይመጣ ይሆናል ብላ። ጸጉሯን ተሠራች። እሱ የሚወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ወገቡ ስለጠበባት ካዚኖ ወስዳ፣ በእረፍቷ ሰዓት በምትሠራበት የስፌት መኪና አሰፋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ገና አልበረታም። ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ አስካል ጣውንቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆና አየቻት። እስከዛሬ በፎቶ፣ በቁርጥራጭ ነው የምታውቃት። ቁመቷ ረዘም ያለ፣ አፍንጫ የሌላት፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ነሐሷ የሚያንጸባርቅ። ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ ናቸው። ቆንጆ ናት ብላ አሰበች፤ ይህን ማሰቧም አናደዳት። ሚስተር ግሬሰን በብትራቸው ተደግፈው ባርኔጣቸውን አነሱላት።

ዓምደሚካኤል ከመኪና ወርዶ ቆመ። ቀስ ብሎ ሄዶ በመዳፉ የላንቸስተሯን ጎን ነካ፤ ፈረስ እንደሚዳሰስ። ከዚያ ዙሪያዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ባሌስትራዋን አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የቆየው ጭጋግ ሳስቶ ነበር።

«በሽር» አለ።

ዓምደሚካኤል ስሙን ከጠራው ቆይቷል። «አቤት ጋሼ» አለ በሽር፣ ጠጋ ብሎ።

«ጥሩ አድርገሃታል።»

አስካል ወደ መኪናዋ ጠጋ አለች። በሽርን ካወቀው እኔን እንዴት አያውቀኝም አለች። በሽር የማስነሻውን ማኖቬላ አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ እሷ የጠበቀችው ዓይነት ጩኸት አልነበረም፤ ዝግ ያለ፣ የሚያጉረመርም ነገር ነው። ዓምደሚካኤል ወጥቶ ቦታው ተቀመጠና የመሪውን ዘንግ ያዘ። በሽር ከኋላው ገባ። በሌላው ጎን፣ ከሞተሩ ወዲህ ያለው ቀይ ወንበር ባዶ ነው።

አስካል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች። ዓምደሚካኤል እጁን ዘረጋ። ሊደግፋት መስሏት እጇን ሰጠችው። እሱ ግን መዳፉን ገልብጦ በትሕትና አቆማት።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ቦታ ተይዛለች።»

«ለማን?» አለች። ድምፅዋ ከሌላ ሰው የሚወጣ መሰላት።

«ለባለቤቴ። ቃል ሰጥቻታለሁ። ሥራ ላይ ሆና ይሆናል የዘገየችው።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ ዓምዴ። አስካል ነኝ።»

ዓምደሚካኤል አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ግራ መጋባትም የለም። ያለው ርኅራኄ ነው፤ ሰው ለማያውቀው ሐዘንተኛ የሚያሳየው ዓይነት።

«ስምዎ ከእሷ ስም ጋር አንድ ነው ማለት ነው» አለ። «መልካም ስም ነው።»

በሽር ከኋላ «ጋሼ» ብሎ ጀመረና አስካል በእጇ አስቆመችው።

«ምን ዓይነት ሴት ናት ባለቤትዎ?» ብላ ጠየቀችው። ለምን እንደጠየቀች ኋላም አላወቀችውም። «እርስዎ» ያለችውም ያኔ ነው፤ አፏ ላይ መጣባት።

ዓምደሚካኤል ፈገግ አለ። «ቁጡ ናት። ግን ቁጣዋ የገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል። በዚህች መኪና ትቀናለች። እኔም ደስ ስለሚለኝ እንድትቀና ጨምሬ አወራላታለሁ።» ዘንጉን በጣቶቹ አሻሸ። «ካርቱም ወባ ጥሎኝ ሰው ሁሉ አበቃለት ብሎ ሲተወኝ እሷ ነች ያልተወችኝ። ያኔ ገና ዘመዴም ሚስቴም አልነበረችም። ይህን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አመስግኛት አላውቅም። ዛሬ እዚህ አስቀምጬ ልነግራት ነው።»

አስካል መወጣጫው ላይ አንድ እግሯን እንዳደረገች ቀረች። ካርቱም የነበረችበትን የቆርቆሮ ክፍል፣ ውሃ የምታቀዘቅዝበትን ጨርቅ እሷም ታስታውሳለች። አስታውሶት ይሆን ብላ ስንት ጊዜ አስባ ነበር፤ ጠይቃው ግን አታውቅም። የዕድሜ ልክ መልስ ይኸው ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ የተላከው ግን ለሌላ ሰው ነው፣ ያቺ ሌላ ሰውም ራሷ ናት።

«ቅር ካላለዎት ከኋላ ይቀመጡ» አላት። «ከኋላም አትንቀጠቀጥም።»

ከበሽር ጎን ተቀመጠች። ላንቸስተሯ ተንቀሳቀሰች። እውነትም አትንቀጠቀጥም ነበር፤ ቀስ እያለች፣ ከፍ ዝቅ እያለች፣ ሰው በገዛ እግሩ እንደሚሄድ። ጓሮውን ዞሩ፤ የቆሙትን መኪናዎች አለፉ፤ ተራሮቹ ከአጥሩ በላይ ገርጥተው ይታያሉ። አስካል የባሏን ማጅራት ታያለች። በሽር ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዓምደሚካኤል በአንድ እጁ ዘንጉን ይዞ፣ ሌላውን በየደቂቃው ወደ ባዶው ወንበር ይሰዳል፤ አቧራ ያራግፋል፣ የሌለ አቧራ።

ሲቆሙ አልወርድም አለ።

«አልመጣችም እኮ» አለ። «እሷ ሳትመጣ እንዴት ብዬ ነው ሞተሩን የማጠፋው?»

ለመኑት። ሚስተር ግሬሰን በእንግሊዝኛ፣ በሽር በአማርኛ፤ ማጥፊያው እጁ ላይ ቢሆንም በሽር ሊነካው አልደፈረም። ፀሐይ ከረረች፤ ፊቱ ላይ ላብ ወረደ። አስካል ከኋላ ወርዳ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች። ፊቷን ታጠበች፤ የተሠራችውን ጸጉሯን ፈታች፤ በወጣትነቷ እንደምታደርገው ወደ ኋላ ሰብስባ በሻሽ አሰረችው። ከዚያ በትልቁ በር በኩል ወጥታ፣ ከመንገድ የመጣች መስላ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ መኪናዋ መጣች።

«ዓምዴ፣ ዘገየሁብህ አይደል? ሺፍቴ አላልቅ ብሎኝ ነው። መጣሁ።»

ረጅም ጊዜ አያት። ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሲታገል አየች፤ ለአንድ አፍታ ሁሉም የሚመለስ መሰላት። ከዚያ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ።

«በጣም ደግ ሴት ነዎት» አለ። «ለእኔ ብለው እንዲህ ደከሙ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እጠብቃታለሁ።»

አስካል እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ አለች። በሽር ከላንቸስተሯ ወርዶ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ለማንም ያልደወለውን ስልክ ሲያወራ ቆየ። ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ እትዬ አስካል ናቸው። ሥራ ይዟቸው ነው የቀሩት፤ አሁን ቤት ገብተዋል፣ ምሳ እየሠራሁ እጠብቀዋለሁ ብለዋል።»

«እንዲያ አለች?»

«እንዲያ አሉ።»

ዓምደሚካኤል ሞተሩን አጠፋ። ሲወርድ ቀዩን ወንበር በመሃረቡ ጠርጎ «ሌላ ቀን ትመጣለች» አለ። ቤታቸው እስኪደርሱ አስካል መኪናዋን ስትነዳ እሱ ከኋላ ነው የተቀመጠው። ሰንራይዝ ማነር መታጠፊያ ጋ ጎንበስ ብሎ «እዚህ ቢያወርዱኝ አይሻልም?» አላት። «ቁጡ ናት ብዬዎታለሁ። ከሴት ጋር ስወርድ እንዳታየኝ።»

ማዕዘኑ ላይ አወረደችው። በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ በቀስታ ተከተለችው።

ላንቸስተሯ ታሽጋ ሄደች። በኅዳር በሽር ቪዲዮ ላከ፤ ዝናብ ውስጥ፣ እርጥብ መንገድ ላይ፣ ሚስተር ግሬሰን ከኋላ ተጀቡነው፣ አንድ የማታውቀው እንግሊዛዊ ዘንጉን ይዞ። ከጎኑ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አስካል ቪዲዮውን አንዴ አየችውና አጠፋችው።

በብርዱ ወራት መጨረሻ ዓምደሚካኤል ከቤት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሁለተኛውን ጊዜ ፖሊስ ያገኘው ቦልደር ሀይዌይ ዳር፣ ሚስቴን ከሥራ ልወስዳት ነው ሲል ነው። አርያም እያለቀሰች፣ አስካል ዝም ብላ፣ ሲልቬራዶ ራንች አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሰዎችን የሚያኖር አነስተኛ ቤት አስገቡት። አስካል ሺፍቷ ሳይጀምር በየጠዋቱ ትሄዳለች። እኔ ነኝ ማለቱን ትታዋለች። ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ እሱ ስለ ባለቤቱ ያወራላታል። ቁጣዋን፣ ሳቋን፣ ካርቱምን፣ አርያም ስትወለድ ነርሷን እንዴት እንደሰደበቻት። አንዳንዱን አስካል ረስታው ነበር። ስትወጣ «ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ» ትላለች፤ እሱም «ትመጣለች፣ እነግራታለሁ» ይላል። ያማል፤ ግን እየጠበቃት ነው። አንድ ሰው በዚህ ዓለም እሷን እየጠበቀ መሆኑን አውቃ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት በሰኔ፣ ብርቱካን ልጣ ስትሰጠው፣ «ባለቤትዎ ዛሬ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀችው።

ዓምደሚካኤል ብርቱካኑን አላመጠ። «የማን ባለቤት?» አለ።

«የእርስዎ። አስካል።»

አሰበ። በቅን ልቦና ነው ያሰበው፤ ፊቱ ተጨማዶ ፈለገው። «አይ፣» አለ፣ «እኔ እንኳ አላገባሁም መሰለኝ።»

መርሳት ከጀመረ አንስቶ፣ ሐኪሙ ሲናገር፣ ጋራዡ ጓሮ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ስትል ያልወጣ የአስካል እንባ ያኔ መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ይወርዳል ብቻ። እሱ ግራ ገባው። ኪሱን ዳበሰ፤ መሃረብ አልነበረም፤ የእጅጌውን ጫፍ ሰበሰበና በጥንቃቄ ፊቷን ጠረገላት፤ አንድ ጉንጯን፣ ከዚያም ሌላውን።

«ሰው ሞቶብዎት ነው?» አላት።

«ባል ነበረኝ» አለች አስካል።

«ደግ ሰው ነበር?»

«ደግ ነበር። አምሽቶ ነበር የሚገባው።»

«ይንገሩኝ እስቲ» አለና የቀረውን ብርቱካን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት። አስካል ከካርቱም ጀመረች፤ ከጭነት መኪናው ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ከሚታየው ወጣት። ሺፍቷ ደርሶ ነበር፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አላነሳችውም። ዓምደሚካኤል አገጩን በእጁ ደግፎ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው እንደሚፈራ ሰው፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ይሰማታል።